በፊቴ

ቦራ የሚሉት ነፋስ ትሪየስቴን ሲያራግፍ፣
የጀልባው ገመድ ሁሉ ምሰሶውን ሲገርፍ፣
አምስት ሆነን ተሰየምን፣ አምስት ውል አዋዋይ፣
የሙያ ወንድማችንን፣ የኔሬዮን ጉዳይ ልናይ።

ጠረጴዛው ላይ የቤት ስጦታ ውል ተዘርግቷል፤
«በፊቴ ፈረመች» ይላል፣ ማኅተም አርፎበታል።
ዞርካ መበለቷ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
ሾርባው መንገድ ላይ ያልቃል፣ ከሳህን እስከ አንደበቷ፤
ፊርማዋ ግን ቀጥ ብሏል፣ ማስመሪያ እንደ ያዘ፣
አንዴ እንኳ ሳይወላገድ፣ ሳይደናበር ተጓዘ።

ኔሬዮ አልካደም። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያሽከረከረ
«የወንድሟ ልጅ ቸኩሎ ነበር» ብሎ ጀመረ።
«ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱም ተበላሽቶ።»
እጅ መንሻ አልበላም፤
ያ ቢሆን ፍርዱ በቀለለን፣ ሁሉም በገባው ገብቶ።
ጥፋቱ አለመሄድ ነው፣
ደረጃ አለመውጣት፣ በር አለማንኳኳት።

ስድስት ወር ይታገድ አልን። እጄን አወጣሁ ሳልዘገይ።

ብዕሩ ሲደርሰኝ፣
ባለፈው ሐምሌ በስልክ ብቻ የሰማሁት ሰውዬ
ትዝ አለኝ፤ ለሱም «በፊቴ» ብዬ
ጽፌ ነበር።
ከውሳኔው ግርጌ ስሜን ሳኖር
እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ፊርማዬ፣ እንደ ዞርካ ማንኪያ፣ ከመስመሩ አመለጠ።