ሁለት ተኩል

አርባ ሁለት ዓመቴ ላይ ዓይኔ ከእጄ ተጣላ፤
እጄ "አውቀዋለሁ" ሲል፣ ዓይኔ "ጉም ነው፣ ጥላ።"

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ
ገና ያልተሠራ ሕንፃ አሳንሰን ስንገነባ
አንዱ ሜትር አምስት ሚሊ ነው።
በዚህ ልክ ሰው ማለት ዘጠኝ ሚሊ አይሞላም፤
ጭንቅላቱን ብትለኩት ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

አንድ ቀን ለአንዱ ሰውዬ ሸሚዝ ያልሁትን ነጭ
ፊቱ ላይ ደፋሁና አስመሰልኩት ዱቄት ፈጭ።
ሻጂ፣ የኬረላው ሰው፣ አለቃዬ፣ ሳቀ፤
"ሰኒያ፣ ይሄ ገዢ ነው ወይስ ሞቶ ደረቀ?
ሂጂ ወደ ሮላ ገበያ። ዓይን ግዢ።"

ሽማግሌው ናውሮዝ፣ የሰዓት ሠሪዎች ደንበኛ፣
ዐሥር እጥፉን አወጣ፤ "ይህ ነው" አለኝ "ዳኛ።"
ባንድ ዓይኔ ጨብጬ አውራ ጣቴን ሳየው
የታረሰ ማሳ ነው፣ ትልም በትልም ነው።
ግን ብሩሽ በየት ይግባ? ሽፋሽፍቴ ቀለም ነካ።
የሚያጎላ ሁሉ ያሳያል ማለት አይደለም፤
ጥፍሩ ሲመጣ ጣት የለም፣
ጣት ሲመጣ እጅ የለም።

አምስቱንም ሞከርኩ፤ አንገቴ እንደ ማጭድ ጎበጠ።
ሦስት ተኩሉ ደህና ነው፤ ቀና ስል ግን
ወለሉ ከእግሬ ሥር አመለጠ።
የቀረው ሁለት ተኩል፣ ከሻሼ በላይ የሚታሰር፣
በእኔና በሥራው መሀል የሚተው አንድ ስንዝር።
ሽማግሌውን ቅር አለው፤ "ትንሹን?" አለ። ትንሹን።
በሠላሳ አምስት ድርሃም፣ ከነሣጥኑ፣ ገዛሁ ዓይኔን።

(ነሐሴ ላይ ከደጅ ስገባ ጉም ይለብሳል መስታወቱ፤
እስኪነጻ ቆሜ ልጠብቅ፣ ቢቸኩልም ባለቤቱ።)

መብራት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።
ቢጫው አምፖል ውሸታም ነው፤ በሱ ሥር የቀባሁት
የአሸዋ ቀለም ግድግዳ፣ ጧት ደጅ ሳወጣው፣
ጉበቱን የታመመ ሰው መስሎ አገኘሁት።
ክቡን መብራት ስንሞክር ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤
በየፕላስቲክ መስኮቱ ሙሉ ጨረቃ መጣ፤
ሠላሳ ስምንት ፎቅ፣ አራት መቶ ጨረቃ፣
አንድም ሌሊት ሳይኖረው።
በስተመጨረሻ ነጭ፣ የቀን ብርሃን የሚሉት፣ ከግራ፣ ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፤
ከቀኝ አንድ ደከም ያለ፣ ጥላውን ሳይገድል አባብሎ።
ጥላ ጨርሶ ከሞተ ጠርዝ አይታይም፤
ያኔ ቢላ የሚቆርጠው ጣት ነው።

እንግዲህ በዚያ መብራት፣ በዚያ ሁለት ተኩል፣
ዐሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ በኩል
አንድ ክፍል አየሁ፣ መስኮት የሌለው፤
ፕላኑ "ዕቃ ቤት" ይለዋል። ስምንት ሚሊ በስምንት ነው።
አውቀዋለሁ።
ዐጅማን፣ ስድስት ዓመት፣ ጉልበቴን ወደ አገጬ አጥፌ፣
እንዲህ ባለ ዕቃ ቤት አድሬያለሁ፣ ከመጥረጊያው ተቃቅፌ።

ያን ማታ ሁሉም ሲወጣ ምላጬን አነሣሁ፤
ግድግዳውን አንድ ሚሊ ወደ ሳሎኑ ገፋሁ።
አንድ ሚሊ። ሲሠራ ሃያ ሳንቲም የሚሆን።
ከዚያ አንዷን ሰው፣ ሻሿን ሰማያዊ ቀብቼ፣
በጀርባዋ አስተኛኋት፣ እግሯን ዘርግቼ።
ከራስጌዋ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አምፖል አበራሁ።

ገዢዎቹ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ባዶ ዓይን ይዘው።
ባዶ ዓይን ፎቅ ይቆጥራል፤ ሌላ ምን ያውቃል እሱ?

ጧት ሻጂ መነጽሬን ተውሶ ጎንበስ አለ።
ቆየ። ማስመሪያውን አንሥቶ ሳሎኑን ለካ፤
አንዴ ወደኔ ቀና አለ።
አሁን ይነቅላታል ስል፣
"ሰኒያ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "አምፖሉን አደብዝዢው፤
ሰው ተኝቷል።"