ሦስተኛ ረቂቅ

«ጸሐፊ ነህና አንተ ጻፈው» አሉኝ፣
«ካንድ ገጽ እንዳይበልጥ» ብለው አስጠነቀቁኝ።
ማዘጋጃው ሊሸልም፣ ለፊታችን ቅዳሜ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ዕድሜ።
«ሸምሲያ አባፊጣ፣ መዝገብ በመጠበቅ ላሳየችው ትጋት…»
ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ቆመ፣
እንደ አይሱዙ፣ በቦሳ ጭቃ ላይ፣ በክረምት።
ሁለት ረቂቅ ጨምድጄ ጣልኩ፤
ታሪኳን ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ።

«የማንን ማኅደር?» አለች።
«የራስሽን።»
ጥቂት ዝም ብላ በርጩማዋን ሳበች፣
ሦስት እግሩን አደላድላ ወጣች፣
ከላይኛው ረድፍ፣ ከጥግ፣
ከደረቀ የግራዋ ቅጠል ሥር
አንድ ስስ ማኅደር አወረደች።
«ፈርም» አለችኝ።
ፈረምኩ።

የሂርማታን ሱቅ፣ የጅሬንን ድንበር፣
የስንቱን ልደት፣ የስንቱን ሞት፣ የስንቱን የጉዲፈቻ ውል
በሲባጎ አስራ የያዘች ሴት፣
የራሷ ማኅደር ስድስት ቅጠል!
አንዱ ቅጥሯ ነው። አንዱ የወሊድ ፈቃድ።
አራቱ፣ ከቀናቸው በቀር፣ አንድ፦
«ጣሪያው ያፈሳል። ላስቲክ ይገዛልኝ።»
በአራቱም ኅዳግ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
«ታይቷል።»
የአንደኛው አለቃ ፊርማ ያምራል፤ እንደ ወፍ ክንፍ ተዘርግቶ።

ማኅደሩ የማያውቀውን ዘበኛው ነገረኝ።
አዌቱ ሞልቶ ያደረ ለት
ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች፣ በእኩለ ሌሊት።
ከቡና ነጋዴው ግቢ የማስጫ ሸራ ተውሳ
መደርደሪያውን አለበሰች፤
እሷ እስኪነጋ ጠብታውን በጀሪካን ስትቀበል
ቀሚሷ ከትከሻዋ እስከ ጫፉ ራሰ።
ምስጥ ፊደል አልቆጠረ፣
ግን ሁሉን ያነብባል፤ ውኃም እንዲሁ፤
ሁለቱም ያነበቡትን አይመልሱ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከማና፣
ጡት ያልጣለ ልጅ ያዘለች ሴት መጣች።
ባሏ ሞቶ፣ ወንድሞቹ ከቤት አስወጥተዋት፣
«ሚስቱ ለመሆንሽ ምን ምስክር አለሽ?» ብለዋት።
«የጋብቻ ውላችን…» ብላ ጀመረች፤
መጨረሱን ፈራች።
«አለ» አለቻት ሸምሲያ፣ ቀሚሷ ገና ሳይደርቅ።

ባገሩ ስንቱ ከደጁ ወጥቶ ቀረ፣ «የለም» በሚል ቃል፤
እዚህ አንዲት ሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
«አለ» ትላለች። አለ ማለት ምን ያህል ይደክማል!

ሦስተኛው ረቂቅ አንድ መስመር ሆነ፦
«መጥቶ ለጠየቀ ሁሉ፣ ‹አለ› ብላለች።»
አጠረ ብለው አኮረፉ። አነበብኩት።
እሷ፣ ከኋላ ወንበር፣ ሻርፗን አስተካከለች።
በዋንጫው ላይ ስሟን «ሸምሱ» ብለው ቀርጸውታል፤
አየችው፣ ሣቀች፣ «ስሕተት አይፋቅም፣
በጎኑ ይታረማል» አለች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጣች፦ «ቀሪውን ስጠኝ።»
ደግሞም ገላምጣኝ፦ «ቁጥር የለውም! ቁጥር የሌለው ደብዳቤ
አልተጻፈም ማለት ነው።»
ቁጥር ሰጠችው፣ በሳችው፣ ሰባተኛ ቅጠል አድርጋ አሰረችው።
ውጭ ዝናቡ ጀምሯል።
ዋንጫውን ከመደርደሪያው አናት፣
ጣሪያው ከሚያፈስበት ትክክል አስቀመጠችው።
ጠብ።
ጠብ።