ከበሩ ጀርባ

ህዳር ተጋመሰ፤ ኢስቶንያ፣ ቮሩ ላይ
አመዳይ ተነጥፏል፣ ጨፍግጓል ሰማይ።
ካፖርትህን ለበስኩ፤ እጅጌው ረዘመኝ፣
ኪሱ ውስጥ ሦስት ምስማር ጣቴን ወጋ አረገኝ።
ይሄ ሥራ እኮ ያንተ ነበር፣ ኤንደል፣
እኔ እንቁላል ለቃሚ፣ አንተ ጠጋኝ፣ አይደል?

የከረመ ጉዝጓዝ በአካፋ ዛቅሁት፣
የኩሱ ሽታ ዓይን ይልጣል፤ በእንባ ጨረስኩት።
ደረቅ ገለባ ከመርኩ እስከ ጉልበት፤
ያደላደልኩትን ጭረው በተኑት በንቀት።
ለሙጭልጭላማ ጣት ታህል ሽንቁር ይበቃል፤
ቆርቆሮ መታሁበት። አንዱ ጠመመ እንጂ ምስማርህ ሠርቷል።
መጠጫቸውን ጡብ ላይ አኖርኩት ከፍ አድርጌ፤
ድንጋይ ሆኖ ካደረ፣ መጣሁ ፍል ውሃ ይዤ፣ ማልጄ።

አውራውን ጭኔ ላይ አጥብቄ፣ ቀይ ዘውዱን
ብርድ እንዳይበላው ቫዝሊን ስቀባ፣ ጠቀጠቀው ክንዴን።
ንጉሥ መቀባት እንዲህ እንደሚያስከፍል
እኔ ምን ላውቅ?

ባትሪዬን በብብቴ ይዤ ቆጥ ላይ ስንጠራራ፣
የቆጡን ስል ወደቀ የብብቴ፤ እያበራ
ተንከባለለና በሩ ሥር፣ ከጀርባው፣ ቆመ።
የእርሳስ ጽሕፈትህ ወጣ፣ የደበዘዘ፣ የጠመመ፦

«ሰማንያ ሰባት። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። አሥራ አራት ዶሮ።»
«ዘጠና ሁለት። መብራት ጠፋ። የአንዷን ጣት ብርድ ቆረጠ።»
«የላይኛው መስኮት አይዘጋ! ገዳዩ ብርዱ አይደለም፣
የራሳቸው ትንፋሽ ነው፣ እርጥበቱ።»
«ዘጠና ዘጠኝ። ሌይዳ ታርቱ ሆስፒታል። ዶሮዎቹ ደህና።»

ይቺን የመጨረሻዋን ያኔ ሳነባት፣ ስፌቴ እንኳ አልደረቀም ነበር።
ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ።
«ይኸው ነው? አርባ ቀን ተኝቼ፣ ለዶሮና ለእኔ አንድ መስመር?»
አንተ መልስ አልሰጠኸኝም፤
ጣቶችህን ብቻ አሻሸህ።

እርሳሱ ዛሬም በሲባጎ እንደተንጠለጠለ አለ።
ጫፉን በምራቄ አራስኩት።
መስኮቷን ቀና ብዬ አየሁ፤ ስንዝር ያህል ተከፍታለች፣
ትንፋሻቸው በዚያ በኩል እንደ ጭስ ይወጣል።
ጻፍኩ፦
«ዘጠኝ ዶሮ፣ አንድ አውራ። መስኮቱ ክፍት።
ኤንደል የለም። ዶሮዎቹ ደህና።»

ሌላም ልጽፍ ነበር፣ ብዙ።

ለካስ እጅ ይቀዘቅዛል።