የጀልባ ሠሪው መንጋጋ

በቺሎዌ ደሴት ዝናቡ አያባራም፣
ሰማይና ባሕሩ ድንበር አያጣራም።
እዚያ ነው ሥራዬ። ዶን ፈርሚን ጌታዬ፣
ጀልባ አናጢ ነው፤ ስድቡ ቁርስ ምሳዬ።

የታመመች ጀልባ ጎትተው ሲያመጡ፣
ጎድኗን አንኳኩቶ ያደምጣል ከውስጡ፤
ወስፌውን ሲሰካ እንጨቱ ከራሰ፣
ብረቱ እስከ እጀታው ከገሰገሰ፣
ባለቤቷን ዞሮ ዓይኑን ያፈጥጣል፦
«ስንት ክረምት ተኛህ? ብስባሽ ይጠበቃል?
ዘንድሮ ሳንቃ ነው፣ ለከርሞ አጥንቷ፤
ቀለም አይደለም መድኃኒቷ!»

የገዛ ጥርሱን ግን፣
ከግራ መንጋጋው የተሰበረውን፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኳኳው አልነበረም።
ሚስማር ነክሶ ሳለ እኔ አሳቅኩትና፣ ቋ አለ፤ አልጮኸም።
(ቀልዱን ስደግመው በሌላ አጋጣሚ፣
ፊቱ የለቅሶ ቤት፣ የመርዶ ሰሚ።)

ቅርንፉድ ጎረሰ። አረቄ ያዘበት።
ሚስቱ ኦቲሊያ ጨው አሙቃ አሰረችለት።
ሌሊቱ ሲረዝም፣ ሰው ተኝቷል ብሎ፣
የጀልባ ቅጥራኑን በማንኪያ አግሎ፣
ቀዳዳውን ደፈነው።
አይቻለሁ እኔ፤ ዝም አልኩኝ፤ ምን በወጣኝ?
ደመወዝ ከፋዬ ጥርሱ ውስጥ ቢያስገባኝ?

የሐኪሟ ጀልባ በወር አንዴ ናት፤
የነሐሴ ማዕበል መንገድ ዘጋባት።
ጉንጩ ሸራ ሆነ፣ ነፋስ የነፋው፤
እኔ ሚስማር ስመታ ያቃስታል መንጋጋው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚያራይ ደረሰች፤
ልጅ እግር ናት፣ ቀይ ቦቲ አጥልቃለች።
ከተማሪ ወንበር አስቀምጣው፣ በቀጭን ብረቷ
መታ መታ አድርጋ፣ አዘንብላ አንገቷን፣
አደመጠች።
ወጋ ስታደርገው ብረቷ ሰመጠች።
«ስንት ክረምት ተኙ?» አለችው፣ አንቱ ብላ።
(አባቷ ድሮ ጀልባውን ሲያመጣ፣ ልጅ ሆና፣ ቆማ ከኋላ፣
ሰምታው ኖሯል።)
ሳቄን ዋጥኩ። በተረፈች ዓይኑ አየኝ።
«ይሄስ ጥቁር ነገር?»
«ቅጥራን።»
ትንሽ ዝም አለች። «ውሃ ያስገባል ታዲያ?»
ጥጥ በአፉ ሞልቶ ሳቀ፣ ከሁለት ዓመት ወዲያ።

ሲነቀል ሰማሁት፦
እርጥብ ሳንቃ ውስጥ የከረመ ሚስማር እንዲሁ ነው ጩኸቱ።
መዳፉ ላይ አኑሮ አገላበጠው፣
እንደ ሳንቃ ስባሪ በጥፍሩ ፋቀው።
«ሥሩ ጤነኛ ነበር» አለ። ለማን እንደሆነ እንጃ።
ከሚስማሮቹ ጋር ኪሱ ጨመረው።

ሰኞ ዕለት አንዲት ጀልባ ጎትተው አመጡ።
አንኳኳ። ወስፌው ዘው አለ ወደ ውስጡ።
አፉን ከፈተ፣ ባለቤቷን ሊቆጣ፤
ምላሱ ግን ክፍተቱን ሊጎበኝ ሄደ፤ ዘገየ፤ እዚያው ቀረ።
«እሺ... ተዋት እዚህ» አለው። ሌላ አልተናገረ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ
ምሳዬን ሰጠኝ።