ትሪየስቴ ለምትሄጅው

ባቡሩ ላይ ስትወጪ በስተቀኝ ተቀመጪ፣
ስልክሽን ከቦርሳ ለጊዜው አታውጪ።
ዓለቱ ሲከፈት፣ ዋሻው ሲያልቅ ድንገት፣
ባሕር ብቅ ይላል ሳትዘጋጂ በፊት።
እንግዳው በሙሉ ከመስኮት ይጣበቃል፤
የአገሩ ሰው ግን ጋዜጣውን ያነባል፣
ስድሳ ዓመት አይቶታል፣
የትም እንደማይሄድ ያውቃል።

ከጣቢያው ስትወርጂ ታክሲ አትያዢ፣
ሻንጣሽ ጎማ አለው፣ በእግርሽ ተጓዢ።
አስጎብኚ መጽሐፍ የገዛሽ እንደሆን
ነጩን ቤተ መንግሥት ያሳይሻል፣ አዎን፣
ቆንጆ ነው። እኔ ግን አልነግርሽም እሱን።

እኔ የምነግርሽ ስለ ነፋሱ ነው።
ቦራ ይሉታል። የራሱ ስም ያለው፣
እንደ ባለጌ ዘመድ ሳይጠራ መጥቶ
ደህና ዋሉ ሳይል የሚወጣ ገበታ ገልብጦ።
ባርኔጣ ይቀማል፣
የቆመ ሞተር ሳይክል በሰልፍ ይጥላል።
ዱሮ በየዳገቱ ገመድ ይወጠር ነበር፣
ሰው ጨብጦት ሥራ እንዲሄድ፣ ጨብጦት ቤቱ እንዲያድር።
በማግሥቱ የቆሻሻ ገንዳዎቹን እዪ፦
ክንፋቸው የታጠፈ፣ አጥንታቸው የወጣ ጃንጥላዎች፣
መቶ፣ ሁለት መቶ፣ እንደ ሞቱ የሌሊት ወፎች።

ከነዚያ አንዱ የሊቪዮ ነበር። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

በበጋ ከሆነ የዋና ልብስ ያዢ።
መብራት ቤቱ አጠገብ ጠጠራም ዳርቻ አለ፣
ነጭ ግንብ ቆሞ ለሁለት የከፈለ፤
ወንዱ በዚያ፣ ሴቱ በዚህ።
"በዚህ ዘመን!" እንዳትዪ።
ቆዪ።
እኔ ወንድ ነኝና ማዶውን አላየሁም፤
የነገረችኝ ዝዴንካ ናት፣ የዓሣ ሻጩ ባልቴት፦
"እዚያ ሆዳችንን አንደብቅም።
አርባ ዓመት አብስዬ፣ አርባ ዓመት አብልቼ
ያረፍኩት እዚያ ነው፣ እግሬን ዘርግቼ።"
ባሏ ከግንቡ ወዲያ ካርታ ሲጫወት
ሳቁ እየዘለለ ይመጣላት ነበር።
"አሁንስ?" አልኳት።
"አሁንም ይስቃሉ" አለችኝ፣ የዓሣ ቅርፊት ከክንዷ እየላጠች፣
"አንዱ ይጎድላል እንጂ። እኔ ቆጥሬ አውቃለሁ።"

ትራሙ ከሠራ (ሁልጊዜ አይሠራም፣ አትናደጂ)
ዳገቱን ውጪና ወደ መንደሮቹ ሂጂ።
መንታ መንገድ ላይ ቅጠል ተሰቅሎ ካየሽ
ቀስቱ በጠቆመው ነው መንገድሽ።
መጠጥ ቤት አይደለም፣ የገበሬ ግቢ ነው፤
የገዛ ወይኑን፣ የገዛ እንቁላሉን የሚሸጠው
በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው።
ሥጋው የአሳማ ነው፤ ካልበላሽ አይብ አለ።
በስሎቬንኛ ሲያወሩ በጣልያንኛ አትመልሺ፣
"ዶበር ዳን" በይና ተቀምጠሽ ቅመሺ።
ከታች መርከቦቹ
ቀበሌ ወረፋ እንደያዘ ሰው ቆመዋል፤
እኔም በአንዱ ላይ ወጥ ቤት ነበርኩ፣
ሞተሩ ተበላሽቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየን።
ከተማውን የማውቀው ያችኑ ያህል ነው።

ከአደባባዩ ዳር ባሕር ውስጥ የተዘረጋ የድንጋይ ምላስ አለ።
አጥር የለው፣ ሱቅ የለው።
ሰው እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ይመለሳል።
ለምን ብለሽ አትጠይቂ፤ ሂጂ፣ ተመለሺ።

አሁን ሊቪዮ።
ከቦዩ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰዓት ጠጋኝ።
ነፋሱ ሲያፏጭ በሩ ሥር ተጠግቼ ቆሜ አገኘኝ፣
ጃንጥላ አበደረኝ።
"በቦራ ጃንጥላ አይያዝም" አለኝ፣
"ግን እንግዳ ነህ፤ ካልያዝክ አታምነኝም።
የተረፈውን ብቻ አምጣልኝ።"
ሃያ እርምጃ አልሄድኩም።
ማታ ሞተሩ ተነሳ ተባለ፣ መርከቡም ሄደ።

የተረፈው እጀታው ነው። የቼሪ እንጨት።
በሻንጣሽ ሥር፣ በካልሲ ጠቅልዬ ከትቼዋለሁ፤
ይቅርታ፣ ሳልነግርሽ ነው።
ካለ ስጪው፤ ምንም አትበይ፣ ያውቀዋል።
ሱቁ ጫማ ቤት ሆኖ ከጠበቀሽ
ባሕር ውስጥ እንዳትጥዪው፣ ያ የፊልም ነገር ነው፣
መልሰሽ አምጪልኝ።
መንገድ ላይ ነፋስ ቢነሳ ግን
አውጪና ጨብጪው።
ምንም አይረዳሽም።
ጨብጪው።