ብል የበላው ስም

ማራኪ ግቢ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር፣
ናፍታሊን የሚሸት ጠባብ ክፍል ነበር፤
ዛሬም አለ። እዚያው ነው የእኔ ወንበር።
ደረቅ ተክል ሁሉ በጋዜጣ ታጥፎ
ስምና ቀን ይዟል፣ በእርሳስ ተጽፎ፤
አንዱ ብቻ ቀረ፣ ብል ከስሙ ዐርፎ።
የተረፈው ይኸው፦ «አንገረብ ወንዝ ዳር፣
ሰብሳቢ ጎባው»፤
ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ፣ ከዚያ ወዲያ ድር።

ጎባው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም
ተክል ለቃሚ ነበር። አላውቀውም።
ፎቶ እንኳ የለውም።
የማውቀው ጽሕፈቱን ነው፦ «ጎ»ን አጥብቦ፣
«ው»ን ወደ ቀኝ አርዝሞ፣ መስመር አስርቦ።

ስመኝ፣ ተማሪዬ፣ ቅጠሉን አየችና
«ግራር ነው» አለች፤ «እሾኹም ይኸውና።»
ስንቱ እሾህ አለው! ቅጠልም እንደሆን
በድርቅ ይጠባል፣ በጥላ ይሰፋል፤
ቃሉን የማይጠብቅ እንዴት ይመሰክራል?

የእኛ ሰው ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቈጥራል።
ይህ ዘመድ አዝማድ ግን፣ ባቄላና ምስር፣
ጓያና ሽምብራ፣ አብሽ፣ ብርብራ፣ ግራር፣
ዘሩን በሰገባ የሚሸከም ሁሉ፣ ከማሳ እስከ ዱር፣
ሰባት ቤት አይበቃው።
ስለዚህ ፍሬውን ትቶ፣ ቅጠሉንም ትቶ፣
ሰው ከልብሱ የሚያራግፈውን ብናኝ አንሥቶ
መጠየቅ ነው፦ የማን ልጅ ነህ?

በመርፌ ጫፍ ከደረቁ አበባ ቈነጠርሁ፤
አሲድ ጠብ አደረግሁ፤ አሞቅሁ፤ አጠብሁ፤
መስተዋት ላይ ጣልሁ።
መብራት ጠፋ።
አሮጌውን ማይክሮስኮፕ፣ በፀሐይ የሚሠራውን፣
መስኮቱ ጋ ወስደን ብርሃን ለመንነው።
በቁስቋም በኩል ደመና ነበረ። ጠበቅነው።

ዐሥራ ስድስት ቅንጣት!
ስምንቱ ከመሀል፣ ስምንቱ ከዙሪያ፣
እንደ ሰፈር ኳስ፣ ቁራጭ ከቁራጭ ተሰፍቶ፤
አንዱም ብቻውን አይሄድም ሌላውን ትቶ።
«ግራር ነው፤ አላልሁም?» ስመኝ ሳቀች።
ነው። ግን የትኛው ግራር?
እኛ አንድ ስም ሰጥተን ያኖርነው ዛፍ ሁለት ቤት ነው፤
የሚለየውም የብናኙ ግድግዳ ነው፦
ከጣራው እስከ ወለሉ ዓምድ ያለው ወዲህ፣
ዓምድ የሌለው ወዲያ።
የጎንደር ልጅ ነኝና ግንብ መመልከት አይቸግረኝም፤
ዘይት ጠብ አድርጌ በትልቁ ሌንስ ቀረብሁት።
ዓምዶቹ ቆመዋል።

ልነሣ ስል፣ ከጥግ፣ ብቻዋን፣
አንዲት ሞላላ ቅንጣት፣
ሦስት ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች፣ ገላዋ መረብ።
ባቄላ።
«ከሌላ የመጣ ቆሻሻ ነው» አለች ስመኝ፤ «አይመዝገብ።»

እኔ ግን ጎባውን አየሁት።
ፊቱን አይደለም፤ ክርኑን።
መስከረም ነው፤ ባቄላው ነጩን አበባ ከጥቁር ነጥቡ ጋር አውጥቷል፤
በአቋራጭ፣ በሰው ማሳ መሀል እየሄደ ነው፤
ባለማሳው ከወዲያ ይጮኽበታል፤
እሱ እጅጌው በጤዛ ርሶ፣ በብናኝ ተነክሮ፣
ከወንዙ ዳር ደርሶ ግራሩን ይቀነጥሳል።

አዲስ ወረቀት ቆረጥሁ። በእርሳስ ጻፍሁ፦
የዛፉን ስም። «አንገረብ ወንዝ ዳር።»
«ቀን፦ መስከረም ሳይሆን አይቀርም።
ምስክር፦ አንዲት የባቄላ ብናኝ።»
«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» አለች ስመኝ።
እውነቷን ነው።
«ሰብሳቢ ጎባው» ብዬ ጨረስሁ፤
«ው»ን ወደ ቀኝ አረዘምሁት።