ሰባተኛዋ መብራት

ባሕር የከበባት፣ ጥድ የለበሰች ደሴት፣
ሳሬማ ላይ ነው፣ የኡርቬ ጋራዥ ያለበት።
ያኔ እኔ ቁልፍ አቀባይ፣ የፈሰሰ ዘይት ጠራጊ፣
አፌ ከእጄ የሚቀድም፣ አቋራጭ መንገድ ፈላጊ።

አንድ ጠዋት፣ በረዶው ሳይጠረግ፣ ኤንዴል ቮልቮውን ይዞ መጣ፤
ዕድሜዋ የኔን ይበልጣል፤ ጎኗን ጨው ግጦ ግጦ ሊጨርሳት ሲቃጣ።
ሠላሳ ዓመት የመርከብ ገመድ ሲያስር የኖረ ሰው ነው፤
ጣቶቹ አሁንም አይዘረጉም፣ ባዶ አየር እንደጨበጡ ናቸው።

«ይቺ ቢጫ» አለ፣ «የፍሬኗ፣
ከጥቅምት ወዲህ አልጠፋም አለች።
ታሊን ወሰድኳት፣ ሴንሰሩን ቀየሩ፤ ከፈልኩ።
ፓርኑ ወሰድኳት፣ ሣጥኑን ቀየሩ፤ ደግሜ ከፈልኩ።
ባሕሩን ተሻግሬ ስመለስ፣ ገና ከመርከቡ ሳልወርድ፣
ቦግ! እንደ አማት ዓይን፣ መልኬን የማትለምድ።»

እኔ ኮምፒውተሩን ይዤ ሮጥኩ፣ ገመዱን ልሰካ።
ኡርቬ በክርኗ አገደችኝ፦
«ቆይ፤ መጀመሪያ እሷ ትናገር፤ ማሽንህ ኋላ ይለካ።»

ገብታ ተቀመጠች። ቁልፉን አንዴ አዞረች፤ ሁለቴ፤
ሞተሩን ሳታስነሣ እዚያው ላይ ያዘችው።
«ኤንዴል፣ ና ቁጠር። አሁን ሁሉም ይበራል፣
ደህናውም ሕመምተኛውም፤
ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል።»

ባትሪ። አቤት።
ዘይት። አቤት።
የእጅ ፍሬን፣ ቀበቶ፣ ኤርባግ። አቤት፣ አቤት፣ አቤት።
ያቺ ነዝናዛም፣ ሳትጠራ፣ ከሁሉ ቀድማ አቤት።
ስድስት።

ሞተር የተሳለባት ትንሿ መስኮት ግን ጨለማ ናት።
«እሷማ ጤነኛ ናት» አለ ኤንዴል፣ ኮራ ብሎ፤
«ከገዛኋት አራት ዓመቴ፤ አንድ ቀን አልበራች።»
ኡርቬ ዝም አለች።

ኮፈኑን ከፈትን። ከግራ ፋኖስ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት ጥግ፣
አንዲት የመሬት ሽቦ፣ ጨው እንደ አመዳይ የጋገረባት፣
በዛገ ቡሎን ተንጠልጥላለች።
ፈታቻት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ ብረቱ ጥርሱን እስኪያሳይ፤
ግሪስ ቀባች፤ አጠበቀች።
ዋጋው የሁለት ዳቦ።
ቢጫዋ ጠፋች። አራት ወር የጮኸችው እውነቷን ነበር፤
ሐኪሞቿ ግን ያልበላትን ነው ያከኩላት።

ኤንዴል ቦርሳውን ሊያወጣ ሲል፣ ኡርቬ ካቻቪቴ አነሣች።
ዳሽቦርዱን ስባ ከኋላው አየች።
ሰባት ጉድጓድ፤ ስድስት አምፖል።
ሰባተኛዋ አልተቃጠለችም፤ የለችም።
በቦታዋ የክብሪት ጫፍ የምታህል ጥቁር ፕላስተር፣
ጠርዟ በጥፍር የተጫነ፣
ሥራ በሚያውቅ እጅ።

ኤንዴል ፕላስተሯን በአውራ ጣቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ።
መኪናዋን የሸጠለት ወንድሙ ነው፣ ሌምቢት።
የእናት ልጅ ነውና ውል አልተጻፈ፣ ዋስ አልተጠራ፤
ኩሽና ውስጥ ተጨባበጡ፣ አለቀ።

«ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ እሰማ ነበር» አለ፤
«ስንት እንደሚሸጥ ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው።»

ኡርቬ አዲስ አምፖል ሰካች፤ ሞተሩን አስነሣች።
ስድስቱ እንደ ልማዳቸው ጠፉ። ሰባተኛዋ ቀረች፣
የአራት ዓመት ነገሯን በአንድ ነጥብ ይዛ።
«አሁን ማሽንህን አምጣ» አለችኝ።
ሰካሁ። የጭስ ማውጫው ሴንሰር ነው፤ ዕቃው ከኋላ አለን፤
የግማሽ ሰዓት ሥራ።
«ልቀይረው?» አልኩ፣ ቁልፍ በእጄ።

ኤንዴል የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ዘጋ፤
ለነዚያ ጣቶች ረጅም ሥራ ነው።

«ቅዳሜ» አለ፣ «ሌምቢትን ከቤቱ አነሣዋለሁ፤
ሳውና እንሄዳለን፣ እንደ ሁልጊዜው።
ከጎኔ ይቀመጣል።
መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው፤ ጥድ ብቻ፤ ሌላ የሚታይ የለም።
እኔም ምንም አልለውም።

ሰኞ አመጣታለሁ።
እስከዚያ ትብራ።»